ሙኒራን ያጎረስኳት የአረፋ ምሳ

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለወንድሜም፣ ለኢማሙም አልነገርኩም። ለእናንተ የማወራው ስለማታውቁኝ ነው። ፈሪ ነኝ፣ መጀመሪያ ይህን ያዙልኝ።

ቡታጅራ ውስጥ ሥጋ ቤት አለኝ። በሬ ጥዬ የማርድ፣ እጄ የከበደ ሰው ነኝ። ሚስቴ ሙኒራ ደም ግፊት ነበረባት። ሐኪሙ ክብደት ቀንሺ ሲላት እሷ ደግሞ ካለች አለች ነው፤ ቅቤውን ተወች፣ ጠዋት ጠዋት በእግሯ መሄድ ጀመረች፣ ቀሚሷ ሁሉ ሰፋት። ደንበኞቼ፣ ሥጋ እየሸጥክ ሚስትህን በጎመን ነው እንዴ የምታኖራት እያሉ ሲቀልዱብኝ ደሜ ይፈላ ነበር።

ቆይቶ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ያዞራት ጀመር። ጤና ጣቢያ ሄዳ ተለካች። ሐኪሙ፣ ክብደትሽ ሲቀንስ ግፊትሽም ወርዷል፣ የድሮው መድኃኒት በዝቶብሻል ብሎ ክኒኑን በግማሽ ቀነሰላት። ደስ ብሏት ልትነግረኝ ሥጋ ቤቱ ድረስ መጣች። እኔስ ምን አደረግኩ? በጥፊ አጮልኳት።

አባቴ ተሽሎኛል ብሎ መድኃኒቱን አቋርጦ፣ ግማሽ አካሉ በድን ሆኖ ነው የሞተው። ስለፈራሁ ነው የመታኋት ልበል? አልልም። የፈራ ሰው ይጠይቃል፣ ያለቅሳል፤ እኔ ግን መታሁ። የዚያን ቀን አገጯን ጨምቄ ሐኪሙ የቀነሰላትን ግማሽ ክኒን በጣቴ እስከ ጉሮሮዋ ገፋሁት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ ክኒኗን ከእኔ እየደበቀች፣ እንደታዘዘላት ግማሽ ግማሹን ትውጥ ነበር።

አረፋ ደረሰ። ዘመድ ሁሉ ከአዲስ አበባ መጣ፣ በሬ አረድኩ፣ ክትፎው ቀረበ። ዛሬማ ቅቤ ልትበላ ነው፣ ግማሽ ክኒን ምን ይሠራላታል አልኩ በልቤ። ያንኑ ክኒን ቀደም ብዬ ከፋርማሲ ገዝቼ ነበር። ጓዳ ገብቼ ሦስቱን ደቆስኩና ለእሷ በለየሁት ክትፎ ላይ ከሚጥሚጣው ጋር አሸሁት። ከዚያ በእናቷ፣ በወንድሞቿ፣ በእንግዳው ሁሉ ፊት በቆጮ ጠቅልዬ አጎረስኳት። ጉርሻና ፍቅር ካላስጨነቀ አያምርም ተባለ፣ ተሳቀ። ደገምኳት። ሠለስኳት። መረራት፤ እንደመረራት አውቃለሁ፣ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ግን በሰው ፊት የባሏን ጉርሻ ትትፋ? ዋጠችው።

ተጫውተን ተጫውተን እንግዶቹን ልትሸኝ ብድግ ብላ በረንዳው ላይ ስትደርስ ተዝለፈለፈች። በረንዳው ደረጃ ላይ በፊቷ ተደፋች። መንጋጋዋ ሲሰበር ሰማሁት። አጥንት ስሰብር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አሁን ግን አጥንት በሰበርኩ ቁጥር ያንኑ ድምፅ እሰማለሁ። ጥርሷ ሲሚንቶው ላይ ቀረ፣ የአረፋ ቀሚሷ በደም ተለወሰ። ሆስፒታል ስናደርሳት ግፊቷ ከመውረዱ የተነሳ መሣሪያው ማንበብ አቃተው። ምን ያህል ክኒን ነው የዋጠችው ብለው ሲጠይቁኝ፣ እናቷ አጠገቤ ቆመው እየሰሙ፣ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ራሷ ናት የምትውጠው» አልኩ። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። እኔ፣ ክኒኑን በእጄ የደቆስኩት።

አላህ አተረፋት። መንጋጋዋ ግን ተጣሞ ገጠመ፣ ሥጋ ማኘክ አትችልም። እናቷ ዘመድ በመጣ ቁጥር፣ ልጄ መድኃኒቷን አብዝታ ውጣ በገዛ እጇ ነው ጉድ የሆነችው ይላሉ። ሙኒራ ይህን ሁሉ እየሰማች አንድ ቀን እንኳ አላጋለጠችኝም። ለምን? ወንድሞቿ እንዳይገድሉኝ ይሆን? እንጃ፣ ደፍሬ አልጠየቅኳትም።

ሰሞኑን እግሯ ላይ ወድቄ ይቅር በይኝ፣ አፉ በይኝ አልኳት። ቆማ ስታለቅስ ቆየችና በዚያ በተጣመመ አፏ፣

«ያጎረስከኝ በሰው ፊት ነው» አለችኝ። «አፉ በይኝም በሰው ፊት በለኝ።»

ትናንት እናቷና ታላቅ ወንድሟ ሊጠይቁን መጡ። እናቷ ያንኑ ወሬ ጀመሩ፣ በገዛ እጇ አሉ። ሙኒራ ቀና ብላ አየችኝ። አፌን ከፈትኩ። ከፈትኩና፣ እማማ ሻይ ይጨመርልዎት ወይ አልኳቸው።

እናንተን አፉ በሉኝ አልላችሁም። ሙኒራ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፣ እሱንም አላደረግኩም።