ሐዲድ በሌለው ጣቢያ

ባለፈው ዓመት ነው፤ ክረምቱ ሊገባ ደመናው የከበደበት ሰሞን። አባቴ የጠፋበትን ያን እሑድ ሳስታውስ ዛሬም ሆዴ ይባባል። የሚያባባኝ ግን መጥፋቱ አይደለም፤ አብሮት ያገኘሁት ሰው ነው።

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ የባቡር ሠራተኛ ነበር። አቃቂ ጣቢያ ባቡር ሲገባና ሲወጣ ባንዲራ የሚያሳየው እሱ ነው። "አቃቂን የወለዳት አዲስ አበባ አይደለም፣ ባቡሩ ነው" ይል ነበር፤ መጀመሪያ ጣቢያው፣ ከዚያ ጠጅ ቤቱ፣ ፋብሪካው፣ ሰፈሩ እየተከተለ መጣ እያለ። አርጅቶ የመርሳት በሽታ ሲይዘው ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወዳለው ቤቴ አመጣሁት። የኔን ስም ሳይቀር ረሳ። ባቡሩን ግን የሚረሳ አልሆነም፤ ማለዳ ማለዳ "ተራዬ ደርሷል" ይለኛል።

ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የምትጠብቀው የአክስቴ ልጅ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓታል። አባቴ የለም፣ የባቡር ሥራ ቆቡም የለም፤ የተሰጣው አረንጓዴ ሻሼም ከገመዱ ላይ ጠፍቷል።

ባጃጅ ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ፤ የለም። አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ወርጄ ዓሣ አጥማጆቹን ጠየቅሁ፤ ያየው የለም። የሐይቁን ዳር እያየሁ ወደ ባጃጁ ተመለስኩ።

"አባትሽ ምን ፍለጋ ነው የሚወጡት?" አለኝ ባለባጃጁ።

"ባቡር" አልኩት እያፈርኩ።

አልሳቀም። "ታዲያ 'ጣቢያ' ሄደው ይሆናላ!" ብሎ አዞረው።

ጣቢያ የሚሉት ከከተማው ጫፍ ያለ ሜዳ ነው። ባቡር ይመጣል ተብሎ በተወራ ጊዜ ደላሎች ያወጡለት ስም ነው። ወሬው ቀዘቀዘ፣ ስሙ ቀረ። ባለባጃጆች ዛሬም "ጣቢያ፣ ጣቢያ!" እያሉ ሰው ይጭናሉ። አባቴም ይህንን ሰምቶ ተሳፍሯል።

ዋንዛ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ቆቡን አድርጓል፤ ሻሼን እንደ ባንዲራ ጠቅልሎ ይዟል። ከጎኑ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

"አባዬ፣ ተነስ እንሂድ።"

"ተረኛ ነኝ። ሳላስረክብ የት ነው የምሄደው?"

እጁን ብይዘው መነጨቀኝ። ከጠዋት ጀምሮ የቋጠርኩት ፍርሃት ወደ ንዴት ተለወጠና "እዚህ ባቡር የለም!" ብዬ ጮህኩ። አባቴ ሻሹን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

ሽማግሌው በእጃቸው ዝም አሰኙኝና ቀጥ ብለው ቆሙ። "ተረካቢው እኔ ነኝ። ያስረክቡኝ" አሉት።

አባቴ ከላይ እስከ ታች አያቸው። "ባቡሩ ሳያልፍ ቦታ ትለቃለህ?"

"አልለቅም።"

ሻሹን በሁለት እጁ ሰጣቸው። ከዚያ እንደ ልጅ እሺ ብሎ ባጃጁ ውስጥ ገባ።

ሽማግሌው አቶ ዱካሌ ይባላሉ። ከጠዋት ጀምሮ አብረውት ተቀምጠው ነበር፤ ከቤታቸውም ወተት አስመጥተው አጠጥተውታል። "እኛ ጋ እንግዳ ብቻውን አይጠብቅም፣ ልጄ" አሉኝ። "ይህ የአባቴ የከብት መሬት ነበር። ባቡር ይመጣል ሲሉን ሸጥን። እኔም እየጠበቅሁ ነው። ዛሬ ሁለት ሆንን።"

ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ ስለ ተራው አንስቶ አያውቅም። ሌሊቱን ሙሉ ይተኛ ጀመር። ለመስቀል ሳይደርስ አረፈ።

አቶ ዱካሌ ድንኳኑ ድረስ መጡ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። "እግዚአብሔር ያጥናሽ" ብለው ከኮታቸው ኪስ ሻሹን አወጡ፤ ታጥቦ ታጥፏል። ሊመልሱልኝ መስሎኝ "ለእርስዎ ይሁን" አልኳቸው።

"አልለቅም ብያቸዋለሁ፤ አልለቀቅሁም" አሉኝ። "ግን እኔም አርጅቻለሁ። ልጆቼ ርቀው ሄዱ። እኔስ ለማን ላስረክብ?"

ድንኳኑ ውስጥ እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንባ አልወጣኝም ነበር። ያኔ ግን አለቀስኩ፣ እያለቀስኩም እጄን ዘረጋሁ። ሽማግሌው ሻሹን አልለቀቁልኝም፤ መጀመሪያ ዐይን ዐይኔን አዩኝ።

"ባቡሩ ሳያልፍ ትለቂያለሽ?"

"አልለቅም" አልኩ።

ዛሬ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ባጃጅ ይዤ ወደዚያ ሜዳ እሄዳለሁ። ባቡሩ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። አቶ ዱካሌ ግን ዋንዛው ሥር ብቻቸውን አይጠብቁም።