የሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ

የመጀመሪያ ደህና ካሜራዬን ስገዛ ያስቸገረኝ ካሜራው ሳይሆን ሌንሱ ነበር። አቅሜ ከካሜራው ጋር አንድ ሌንስ ብቻ ይፈቅድልኛል። ሶዶ ውስጥ ሠርግ የሚያነሳ ጓደኛዬ «ሃምሳዋን ውሰድ» አለኝ፤ ባለ ሃምሳ ሚሊሜትሯን ትንሽ ሌንስ ማለቱ ነው። «ጨለማ ቤት ውስጥ እንኳ ታነሳለች። ለሰው ፊት ከእሷ ወዲያ የለም።»

«ዙም አላት?»

«የላትም። አንተ ጠጋ ትላለህ እንጂ።»

ሳቅሁበት። ያን ሁሉ ጊዜ ቆጥቤ ከቡና ስኒ የማትበልጥ ሌንስ አንጠልጥዬ ሶዶ ልግባ? እኛ ዘንድ የፎቶ አንሺ ክብር የሚለካው በሌንሱ ርዝመት ነው፤ ረጅም ለያዘ ሰው ስታዲየም ውስጥ መንገድ ይለቀቅለታል። አዲስ አበባ ያለው ሻጭም ረጅሙን ዙም ገጥሞ በመስኮት አሳየኝ። ማዶ ሕንጻ ላይ የተሰጣ ካልሲ ቀዳዳው ሳይቀር ታየኝ። በካልሲ ቀዳዳ ተሸነፍኩ።

ለጥቂት ሳምንታት ንጉሥ ነበርኩ። ዳሞታ ተራራ ላይ ወጥቼ አባያ ሐይቅን አቀረብኩ፤ የቦዲቲን ገበያ ማንም ሳያየኝ ከመንገድ ማዶ በፎቶ ለቀምኩ።

ከዚያ ጊፋታ፣ የእኛ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ደረሰና ሻንቶ አጠገብ ባለው የአባቴ ቤት ተሰበሰብን። ካሜራውን ስመኝ የኖርኩት ለአንድ ፎቶ ነበር፦ አባቴ ሥጋው ከመቆረጡ በፊት ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ሲመርቀን። በቤታችን ልማድ እያንዳንዳችንን በተራ፣ ዓይን ዓይናችንን እያየ ነው የሚመርቀን። በዚያ ዓመት አንዱን ነገር ሁለቴ መጠየቅ ጀምሮ ነበር። እርጅና ነው ብለን ስቀን አለፍነው።

ቤቱ ሣር ክዳን ነው፤ መስኮት የለውም። ተራዬ ሲደርስ ካሜራውን አነሳሁ፤ ረጅም ሌንስ ቅርብ ያለውን አያጠራምና አባቴን አላይም አለ። ወደ ኋላ ሄጄ ጀርባዬን ከግድግዳው አጣበቅሁ። ፊቱ ገባልኝ፤ ብርሃን ግን አልነበረም። ዓይኑን ታክሞ ስለነበር ፍላሽ ያመዋል። እህቴ «በስልክህ አንሳው!» ብትለኝ ተቆጣሁ። ይህን የመሰለ ካሜራ ይዤ በስልክ?

«አባ፣ ደጅ ወጥተህ ብትመርቀኝስ?» አልኩት።

«ምርቃት ደጅ ላይ ነው እንዴ? እሳቱ እዚህ፣ እኔም እዚህ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ትክ ብሎ እያየኝ መረቀኝ። ቤቱ ሁሉ «አሜን» አለ። እኔ ቁልፍ ስነካካ ምርቃቱን እንኳ በቅጡ አልሰማሁትም። የወጣልኝ ጨለማ ውስጥ የተንቀጠቀጠ ጥላ ነው።

«ግድ የለም፣ ለከርሞ» አልኩት።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? ሐይቁ የትም አይሄድ፣ ተራራው የትም አይሄድ፤ የሚሄደው አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ነበር። ይቆጨኛል። ዛሬም እንደ አዲስ ይቆጨኛል።

በዓመቱ ያቺን ሃምሳ ገዛሁ። ጊፋታ ላይ አባቴ ፊት ተንበረከክሁና የግንባሩን መስመር፣ የጢሙን ሽበት አንድ ሳላስቀር አነሳሁ። ፎቶው እንከን የለውም። ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ የሚያየው ሁሉ «እንዴት ያለ ፎቶ ነው!» ይለኛል። አባቴ ግን በዚያ ዓመት ልጆቹን መለየት ትቶ ነበር። ፎቶው ውስጥ ሌንሷን የሚያየው እንግዳ በሚታይበት ትሕትና ነው።

አንስቼ ስጨርስ እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ።

«ከሩቅ ነው የመጣኸው?»

«ከሶዶ ነው።»

«እኛን ብለህ ደከምክ» አለ፤ እጄን ሳይለቅ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። «የወለደህ አባት ይባረክ።»

«አሜን» አልኩ።