የጥሩነሽ ሞተር ሳይክል ካቴና

ጥሩነሽ እምቢ ባይነትን ከማን ወረሰች? ጎረቤቷ ሆኜ እንኳ መልሱን አላውቅም። በዘጠናዎቹ ዓመታት የከብት ክትባት ጭና ከሶዶ እስከ ቢጠና ከተማ በሞተር ሳይክል ትመላለስ ነበር። የዚያ መንገድ አቧራ ካቴና ይበላል። ባልደረቦቿ በየሞተራቸው ካቴና ላይ የተቃጠለ ዘይት ሲያፈሱ፣ እሷ የራሷን በነጭ ጋዝ አጥባ ታደርቀዋለች፤ ከዚያ ቀጭን ዘይት ጠብ አድርጋ ትርፉን በጨርቅ ትጠርጋለች።

«ካቴናሽ ጾም ያዘ እንዴ?» አላት አንድ ጠዋት ባልደረባዋ ይስሐቅ።

«ያንተው ካቴና ከዘይቱ ጋር አቧራ ጠጥቶ ሞረድ ሆኗል!»

ዘይት ማሳነሷን ያየው ኃላፊያቸው ተቆጣ። «ዛሬ መንገድ ላይ ከተበጠሰ ሞተሩን ለይስሐቅ ታስረክቢያለሽ።»

«ካልተበጠሰ ደግሞ ማንም እንዳይነካብኝ!» ብላ አስነሳችው።

ማታ አቧራ ለብሳ፣ ያንኑ ሞተር እየነዳች ሰፈር ገባች። ገላዋን ሳትታጠብ ካቴናውን አጠበች። ቁልፉን ትራሷ ሥር አድርጋ ሁለት ሰዓት ላይ ተኛች።