በአባቱ መቃብር

ታላቅ ወንድሜ የተቀበረው ያለ ፍትሐት ነው። የሸጎሌን መስመር የሚሠራ የታክሲ ሾፌር ነበር፤ ሳቂታ፣ ተሳፋሪው ሁሉ የሚወደው። ከዚያ እንቅልፍ አጣ። እንቅልፉ ሲሄድ ሳቁም አብሮ ሄደ። መኪናዋን ለሌላ ሾፌር ትቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ መዋል ጀመረ። እናቴ እንጦጦ ጠበል ወሰደችው። እኔ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ መድኃኒትም ጀምሮ ነበር። ትንሽ ተሽሎታል ብለን ደስ ባለን ሰሞን በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ።

እድሩ ድንኳን ተከለ። ሰፈሩ በሙሉ፣ ከማዶ ሱቅ ያላቸው ሙስሊም ጎረቤታችን ሳይቀሩ፣ ወጥቶ ቀበረው። ካህን ግን አልመጣም። የንስሐ አባታችን ለእናቴ ስልክ ደውለው፣ «ታሞ ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቋት። «ልጄ ምንም አልነበረበትም» አለች። «እንግዲያው ሥርዓቱ አይፈቅድልኝም» አሉ። አባታችን ያረፈው በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ባለው የመቃብር ፉካ ነው፤ ወንድሜ ግን ማዘጋጃ ቤት መቃብር ገባ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከደጁ አታልፍም። አጥሩ ሥር ቆማ፣ ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ ሰምታ ትመለሳለች። ጠዋት ጠዋት የምትደግመውን ዳዊትም ተወችው። አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጠች ድንገት ቀና አለችና፣ «አሁን የት ነው ያለው?» አለችኝ። ስለ መቃብሩ የጠየቀችኝ መስሎኝ ነበር። ስለ ነፍሱ መሆኑ የገባኝ ልመልስላት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ነው።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርት ነኝ። ቃል መመርመር እንጂ ሌላ ሙያ የለኝም። ስለዚህ ለእናቴ ጥያቄ መልስ ካለ፣ መጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ በተጻፈበት ቋንቋ ልፈልገው ብዬ ተነሣሁ። አንዲት ባልደረባዬ ዕብራይስጥ የሚያስተምሩ ጡረተኛ ጠቆመችኝ። ሰውየው በወጣትነታቸው ኢየሩሳሌም ባለው ገዳማችን በዲቁና ሲያገለግሉ ቋንቋውን ተምረው፣ ከአይሁድ መምህራን ጋርም ለዓመታት ተቀምጠው ያነበቡ ናቸው። አሁን እዚሁ ጉለሌ፣ ዳገቱ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎናቸው ውስጥ ነጭ ሰሌዳ ሰቅለው ያስተምራሉ። የኔታ እንላቸዋለን።

የመጀመሪያው ቀን ፊደሎቹን በተራ ጠሩ፤ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ። እናቴ ዳዊት ስትደግም ረጅሙ መዝሙር ላይ ስትደርስ የምትጠራቸው ስሞች ናቸው። ምንነታቸውን ሳላውቅ ያደግኩባቸው ድምፆች ፊደል ሆነው ሰሌዳው ላይ ሲሰለፉ እንባዬ መጣ። የኔታ አይተው እንዳላዩ አለፉኝ።

ቋንቋው ከጠበቅሁት በላይ ቅርብ ሆነልኝ። ሞት ያው ሞት ነው፤ ቤት ያው ቤት ነው። ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባ የነገሥታቱን ታሪክ እያነበብን፣ ምክሩ ስለተናቀ ቤቱን አሰናድቶ ራሱን ያጠፋ የንጉሥ አማካሪ ጋ ደረስን። የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ያለ መዝገበ ቃላት አነበብኩት። ሞት፣ መቅበር፣ አባት፤ ሦስቱም የእኛው ቃላት ናቸው። ሰውየው አባቱ በተቀበረበት ተቀበረ ይላል።

«የኔታ፣ እርግማን የለበትም?» አልኩ።

«የለበትም።»

«ፍርድስ?»

ስለ ወንድሜ ያውቃሉ። መነጽራቸውን አወለቁ። «እዚህ ቦታ ላይ የለም። ግን ተጠንቀቂ ልጄ። አልፈረደም ማለት ፈቀደ ማለት አይደለም፤ ዝም አለ። ዝምታውን በራስሽ ቃል እንዳትሞዪው።» ቀጥለውም የጥንት የአይሁድ መምህራን በዚሁ ነገር እንደተጨነቁ ነገሩኝ። ራስን ማጥፋት ከባድ ኃጢአት ነው ይላሉ፤ ዳሩ ግን አእምሮው ከእርሱ ጋር ላልነበረ ሰው አይቆጠርበትም፣ በሕይወት ያሉትን ሐዘንተኞች የሚያስከብር ነገርም አይቀርባቸውም።

የሰማሁትን ይዤ ዳገቱን እየሮጥኩ ወረድኩ። እናቴን አስቀምጬ አነበብኩላት፣ ተረጎምኩላት። ትጽናናለች ብዬ ነበር። ፊቷ ግን ጠቆረ።

«ከአባቱ ጋር?» አለች። «ታዲያ የኔን ልጅ ለምን ከአባቱ ለዩብኝ?»

ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። ተከተልኳት። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ እንደ ልማዷ አልገባም አለች፤ ገብቼ የንስሐ አባታችንን ጠራኋቸው። ከእናቴ በዕድሜ የሚያንሱ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ያነበብኩትን እንደነገርኳት አድርጋ ነገረቻቸው።

«ልጄ በዕብራይስጥ አግኝታው ነው» አለች በመጨረሻ።

«በአማርኛውም አለ፤ አውቀዋለሁ» አሉ።

ጆሮዬ ጋለ። ስንት ቅዳሜ ዳገት የወጣሁበት ነገር፣ ቤታችን መደርደሪያ ላይ በገዛ ቋንቋዬ ተቀምጦ ኖሯል።

«ያ የጥንት ታሪክ ነው፤ እኔን የሚያዘኝ ሥርዓት ሌላ ነው» ብለው ቀጠሉ። «ሥርዓታችንም ቢሆን አእምሮው ታሞ ለሞተ ሰው መንገድ አለው። ያን ዕለት ጠይቄዎት ምንም አልነበረበትም አሉኝ። አሁንም ሐኪሙ ይመስክርና ለደብሩ አለቃ ላቅርብልዎ።»

«ልጄ እብድ ነበር ልበል?»

«ታሞ ነበር ይበሉ ነው የምልዎት።»

እናቴ ዞራ ሄደች። ቤት ስንገባ ነጠላዋን አጣጥፋ ስታበቃ፣ «አንቺ ነሽ ይህን ያመጣሽብኝ» አለችኝ። «ደጅ ቆሜ ማልቀሱን ለምጄው ነበር። በፊት ሥርዓቱ ነው የከለከለው እያልኩ እኖር ነበር። አሁን እኔ ሆንኩ የከለከልኩት።»

አይደለም ልላት ፈለግሁ። ግን እሱ ታሞ ሳለ በሽታውን የደበቀችው ስሙን ለማዳን እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሾፌር ነውና፣ ድኖ ሲመለስ መኪና የሚሰጠው እንዳያጣ። ሲሞትም ያንኑ ቃሏን አልለወጠችም።

ከዚያ በኋላ ብዪ፣ ጠጪ ካልሆነ በስተቀር ቃል አልሰጠችኝም። ቅዳሜ የኔታ አንድ የዳዊት መዝሙር አስነበቡን። የሰመጠ ሰው ጩኸት ነው። ውኃው እስከ ነፍሴ ደረሰ የምንለው ቦታ ላይ፣ ዕብራይስጡ ነፍስ የሚለው ቃል ጉሮሮ ማለትም እንደሆነ አስረዱን። ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ወንድሜ ታየኝ። ውኃው እዚያ ደርሶበት ሳለ እኛ አጠገቡ ቁጭ ብለን ቁርስ አልበላህም እያልን እንቆጣው ነበር። ተነሥቼ ወጣሁ፤ ለብዙ ቅዳሜዎችም አልተመለስኩም።

ሐኪሙ ዘንድ ውሰጂኝ ያለችኝ እናቴ ራሷ ናት። ምን እንደለወጣት አልነገረችኝም። ሐኪሙ የሕመሙን ስም ነገራት፤ እንደ ሌላው በሽታ ሁሉ ሰው የሚገድል በሽታ መሆኑንም አልሸሸጋትም። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት ገባን። አለቃው፣ ጸሐፊው፣ ለሌላ ጉዳይ የመጡ ሁለት የሰፈራችን ሴቶች አሉ። እናቴ ሴቶቹን አየቻቸው። እንዲወጡ ትጠብቃለች ብዬ ነበር፤ አልጠበቀችም።

«ልጄ አእምሮውን ታሞ ነበር» አለች። «ደብቄው ነው።»

ፍትሐቱ የተደረሰው በአዘቦት ቀን፣ ጥቂት ዘመድ ባለበት ነው። አፅሙን ወደ አባቱ ማዛወር ግን ጊዜው ገና ነው ተባለ፤ ወንድሜ እስካሁን እዚያው ብቻውን ነው። ጸሎቱ ሲያልቅ እናቴ ለካህናቱ እጅ ነሥታ፣ «አሁን ሰው ሁሉ ያውቃል» አለችኝ። ደስታ ይሁን ቅሬታ ከድምፅዋ መለየት አልቻልኩም።

ዛሬ ከደጁ አልፋ ትገባለች፤ በሴቶች መቆሚያ በኩል ምሰሶ ተደግፋ ታስቀድሳለች። አንዳንዶቹ ሲያዩዋት ይንሾካሾካሉ፤ አንገቷን አትደፋም። እኔም ወደ የኔታ ተመልሻለሁ። ቅዳሜ ደብተሬን ይዤ ስወጣ ወዴት ነው አትለኝም። ማታ ስመለስም ምን ተማርሽ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም ሳልጠየቅ መናገር ፈርቻለሁ።