ዘይት ያልነካው ነገር ሁሉ ይጮሃል

አማቼን፣ የልጄን ባል፣ ጋራዥ ውስጥ ያለው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል። እኔ የምለውን ቤት ይቁጠረው!

መካኒክ ነው። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ የሚሠራ ሞተር ላይ ያሳርፍና እጀታውን ከጆሮው ኋላ ባለው አጥንት ላይ ተጭኖ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «ኩሽኔታው ነው» ካለ ኩሽኔታው ነው። በዚህስ አልዋሽም፣ ሥራውን ያውቃል። ችግሩ፣ ሁሉም ነገር ሞተር ይመስለዋል። በር ጮኸ? ዘይት። አልጋ ተንቋቋ? ዘይት። «ዘይት ያልነካው ነገር ሁሉ ይጮሃል፣ እማማ» ይለኛል እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

የራሱን ጆሮማ ተዉት! ባሳከከው ቁጥር በሽቦ ይጎረጉረዋል። አንድ ሰሞን ጆሮዬን ጆሮዬን እያለ ማላመጥ ሲያቅተው ሐኪም ቤት ሮጠ። «ጆሮህ ምንም አልሆነም፣ የበሰበሰው መንጋጋህ ነው» ብለው ጥርሱን ነቀሉለት፣ ሕመሙም አብሮ ሄደ። እኔ የምለው፣ ለራሱ ጥርስ የሮጠ ሰው ለልጁ ጆሮ መሮጥ ያቅተዋል?

የልጄ ልጅ ገና አራት ዓመቷ ነበር። ጉንፋን ያዛት፣ ከዚያ ትኩሳት ጨመረባት። ጆሮዎቿን ትጎትታለች፣ የጎረሰችውን ትተፋለች፣ ጋደም ስትል ብሶባት እየጮኸች ትነሳለች። «ሐኪም ቤት ውሰዳት» አልኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ! ልጄም እንደሆነች ባሏ ፊት ምላሷ ይታሰራል።

እሱ እቴ፣ ዘይት በማንኪያ አሞቀ። ልጅቷን በጉልበቶቹ መሀል ጠፍሮ ይዞ በሁለቱም ጆሮዋ ጠብ ጠብ አደረገባት። ጩኸቷ የጎረቤት በር አስከፈተ። ጠዋት ትራሷን ባነሳ በመግልና በደም ርሷል። እሷ ግን ሕመሙ ለቋት ከአሻንጉሊቷ ጋር ትጫወታለች።

«አዩ፣ እማማ? ጩኸቱ ቆመ! ዘይቱ ቆሻሻውን ጠርጎ አወጣው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሲጮህ የከረመ ሞተር ድንገት ዝም ሲል ተሻለው ትላለህ?»

«እርስዎ ደግሞ መካኒክ ሆኑብኝ!» ብሎ ስቆብኝ ወጣ።

መግሉ ደርቆ ተመልሶ መጣ፤ ደግሞ ደረቀ፣ ደግሞ መጣ። በመጣ ቁጥር እሱ ዘይቱን ያሞቃል። ወራት አለፉ። ልጅቷ ስትጠራ መዞር ተወች። አንድ ቀን ጫማውን እንድታቀብለው ጠራት፣ ደግሞ ጠራት፣ ጀርባዋን ሰጥታ ትጫወታለች። «ይቺ እልኸኛ! እየሰማች እኮ ነው!» ብሎ በጥፊ አላሳት። እጁን በቆረጠው! ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ጉንጯን ይዛ ዐይን ዐይኑን ታየዋለች። ደሜ አናቴ ላይ ወጣና ልጅቷን አዝዬ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። እሱም እያጉረመረመ ተከተለን።

ሐኪሟ ሁለቱንም ጆሮ አየችና ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። «የሁለቱም ጆሮ ታምቡር ተበስቷል። ውስጥ ያሉትን ትንንሽ አጥንቶችም በሽታው በልቷቸዋል። ያኔ ሲያማት ለምን አላመጣሃትም?»

«ሕመሙ... ትቷት ነበር» አለ።

«ሕመሙ የተዋት ታምቡሩ ፈንድቶ ነው! በዚያ ላይ ዘይት? ከፍ ስትል ቀዶ ሕክምና ይሞከራል፤ እንደ ድሮዋ ትሰማለች ብዬ ግን አልዋሽህም። ለጊዜው በአጥንቷ በኩል የሚመጣ ድምፅ ብቻ ነው ደህና አድርጎ የሚሰማት።»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው። የሰው መኪና ሲያዳምጥ የራሱ ቤት ተቃጠለ። አላዘንኩለትም፣ ዛሬም አላዝንለትም።

በሳምንቱ ምሳውን ይዤለት ከልጅቷ ጋር ጋራዥ ሄድን። ኮፈኑ የተከፈተ መኪና ሞተሩ በርቶ ቆሟል። ልጅቷ ካቻቢቴውን ካስቀመጠበት አንስታ፣ ሁሌ ሲያደርግ እንዳየችው፣ እጀታውን ከጆሮዋ ኋላ ተጭና ጫፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈችው። ፊቷ በራ። «አባዬ! ይጮሃል! ይጮሃል!» አለች፣ ድምፅዋን መመጠን ከተወች ቆይታለች። ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያያታል። አባቷ መጥቶ ፊቷ በርከክ አለ።

እሷም ካቻቢቴውን ከሞተሩ ላይ አንስታ ጫፉን ቀስ ብላ ጉሮሮው ላይ አሳረፈችው። ዐይኗን ጨፍና፣ ልክ እንደ እሱ፣ ጠበቀች።

«ተናገር እንጂ!» አልኩት። «ስንት ዘመን ስትለፈልፍ ኖረህ ዛሬ ቃል ጠፋህ?»

እሱ ግን እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ ደግሞ ይጠርጋል።

«አባዬ» አለች ዐይኗን ገልጣ፣ «ይሄኛው ጠፍቷል። አስነሳው።»

እንባው ወረደ እንጂ ድምፅ አልወጣውም። ልጅቷ ጥቂት ጠበቀችና ካቻቢቴውን ከጉሮሮው ላይ አንስታ ወደ መኪናው ተመለሰች።