በቀይ የተጻፈው «አቋረጠች»

ዘንድሮ ወገዳ፣ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞችን መዝገብ ከክልሉ የተማሪዎች መረጃ ቋት ጋር ሳገናኝ አንዲት በያጅ መጣች። ኮሌጅ ጨርሳለች፤ ኮምፒውተሩ ግን ከአሥራ አንደኛ ክፍል «አቋረጠች» ይላል። ይህ ካልተስተካከለ ቀጣሪዋ አይቀበላትም።

የቆየ ቁስሌ ተነካ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ታምሜ ብተኛ አንድ ጸሐፊ «አቋረጠ» ብሎ ጻፈብኝ፤ እዚያው ተቀጥሬ የመቅረት ዕድሌን አጥፍቶ ለወገዳ አስተማሪነት ዳረገኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

«ያንቺንም የጻፈው እንደሱ ያለ ሰነፍ ነው። ቴክኒክ የገባ ሁሉ የጠፋ ይመስለዋል።»

«ይሁን ጋሼ፣ ብቻ ያስተካክሉልኝ።»

«ማን እንደሆነ ሳላይማ አልተውም።»

«ምን ያደርግልዎታል? ይቅር።»

አልሰማኋትም። የድሮውን የክፍል ሮስተር ከመጋዘን አውጥቼ ገለጥኩ። በስሟ ትይዩ በቀይ እስክሪብቶ «አቋረጠች» ይላል። በዓመቱ መካከል ወደ ቴክኒክ በሄዱት ሁሉ ትይዩም እንዲሁ። ግርጌው ላይ የክፍል ኃላፊው ፊርማ አለ። የእኔ ነው።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«እርስዎ ሲያስተምሩን በሩ አጠገብ ነበር የምቀመጠው» አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች።