ሞሪጽ የበየደው ሣጥን

ሞሪጽ ግሩበር ቆርቆሮ ሠሪ ነበር፤ አባቱም ቆርቆሮ ሠሪ ነበሩ። በከተማችን ላይ የሚዘንበው ዝናብ ከሞላ ጎደል የሚወርደው በእነሱ አሸንዳ ነው። የኦርቶዶክሱ ቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት ጣሪያ የሞሪጽ ሥራ ነው፤ የወፍጮ ቤቱም፣ የትምህርት ቤቱም። ላሜራ ሲቆርጥ መስመር አያሰምርም ነበር የሚሉ አሉ፤ ውሸት ነው። ሁልጊዜ ያሰምራል፣ ሁለት ጊዜ ይለካል፤ ሳያሰምር የሚቆርጥ ተለማማጅ ካየ መቀሱን ነጥቆ ያባርረዋል። ታናሾቹ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም አይሁዱም፣ እንደ አገሩ ወግ «ነነ ሞሪጽ» ይሉታል፤ «ጋሼ» እንደ ማለት ነው።

ጡረታ ሲወጣ የምኩራባችንን ቁልፍ ተረከበ። ደመወዝ የለውም። ዓርብ ከሰዓት ምድጃውን አንድዶ በሩን ይከፍታል፤ ቅዳሜ ጠዋት ደጃፉ ላይ ቆሞ ሰው ይቆጥራል። በእኛ ሥርዓት ዐሥር ወንድ ካልተሟላ የኦሪቱ ጥቅልል ከቁም ሣጥኑ ወጥቶ አይነበብም። እኛ ደግሞ የቀረነው ከዐሥር ትንሽ ብንበልጥ ነው፤ አንዱ ጉንፋን ከያዘው ሌላው መታመም አይፈቀድለትም። ጸጉር አስተካካይ የነበረውን ሉፑን፣ ጉልበቱ ስለማይታዘዘው፣ ሞሪጽ ከቤቱ ድረስ ሄዶ ደግፎ ያመጣዋል።

«አንተ እኮ ሞቼም ትቆጥረኛለህ» ይለዋል ሉፑ።

«የሞተ አይቆጠርም። ስለዚህ አትሙት።»

ሚስቱ ካረፈች ቆይታለች። ልጁ ዴቢ ሐይፋ ትኖራለች፤ በደወለች ቁጥር «አባዬ፣ በቃ ና፤ ክፍሉ ተዘጋጅቷል» ትለዋለች። መልሱ አንድ ነው፤ «ከሄድኩ ማን ይከፍታል?»

ድንጋይ መወርወር የጀመረው በመጸው ነበር። ጠዋት መስኮት ተሰብሮ ያገኛል፤ ከቀትር በፊት አዲስ መስታወት ገብቶ፣ ስብርባሪው ተጠርጎ፣ ምንም ያልተፈጠረ ይመስላል። ፖሊስ አይጠራም፤ ለእኛም አይነግርም። መስኮቱ ዙሪያ ገና ያልደረቀ ስቱኮ አይተን ስንጠይቀው «ልጆች ናቸው» ይላል። ልጆች አለመሆናቸውን እናውቅ ነበር። ከምኩራቡ አጥር ጎን መኪና የሚያጥብ ራዝቫን የሚባል ጎልማሳ አለ፤ ባለፍን ቁጥር የውሃውን ቱቦ ወደ እግራችን ያዞራል፣ ይስቃል። የበረዶው ክረምት ሲገባ የምኩራቡ ስልክ መደወል ጀመረ። አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ወጥቶ ገና ሳንበተን፣ ሞሪጽ አንሥቶ ሰማ፣ ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ፣ ዘጋው።

«ማን ነው?» አልነው።

«የተሳሳተ ቁጥር።»

«የተሳሳተው ቁጥር ስምህን ያውቃል እንዴ?» አለ ሉፑ። «‹ሞሪጽ› ሲል እዚህ ድረስ ተሰምቷል እኮ!»

ሞሪጽ ኮቱን ለበሰና ወጣ።

በሚያዝያ አንድ ዓርብ ጠዋት ምኩራቡ ሲደርስ በሩ ከማጠፊያው ተነቅሎ አገኘው። አግዳሚዎቹ ተገልብጠዋል፣ ቁም ሣጥኑ ተከፍቷል። ከሁለቱ ጥቅልሎቻችን አንዱ ከቦታው ነበር፤ ሌላው ግቢው ውስጥ፣ የዝናብ ኩሬ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ብራናው ከዳር እስከ ዳር በስለት ተተልትሏል። እኛ እየተጠራራን ስንደርስ ሁላችንም አየነው፤ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ ቁርጥ ነበር፤ ሰውየው ሥራውን አልቸኮለበትም። ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው ፍሎሪካ ሲነጋጋ ራዝቫን ከግቢው ሲወጣ አይታዋለች። ፖሊሶች ከአልጋው አንሥተው ወሰዱት።

ሳጅኑ ካሜራ ይዞ መጣ። በሩን ፎቶ አነሣ፣ አግዳሚዎቹን አነሣ፣ መስኮቶቹን አነሣ። በዚያን ጊዜ ሞሪጽ ጥቅልሉን ከኩሬው አውጥቶ በራሱ የጸሎት ሻል ጠቅልሎት ነበር።

«ነነ ሞሪጽ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሬሳ ነው» አለው ሞሪጽ።

ሳጅኑ ቆቡን አወለቀ፣ አማተበ፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። ግለጥልኝ አላለውም። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጨዋነቱ ግን ዋጋ አስከፍሎናል።

የተበላሸ ኦሪት እንደ ሰው ይቀበራል። በሸክላ እንስራ ይደረግና ከአንድ የተማረ ሰው መቃብር አጠገብ ይገባል፤ ሲቀደድ ያየም የተቀደደውን ያየም ይጾማል። ሥርዓቱ ዛሬውኑ ቅበሩ አይልም። ግን ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ፀሐይ ከጠለቀች ሰንበት ነው፣ በሰንበት መቃብር አይቆፈርም። ሞሪጽ ደግሞ እንዲያ ሆኖ እያየው ሰንበትን ሊውል አልቻለም። ሸክላ ሠሪዎቹ ገበያ የሚወጡት ሰኞ ነው። እቤቱ ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ የተረፈ የዚንክ ላሜራ ነበረው። ለካ፣ አሰመረ፣ ቆረጠ፣ አጠፈ፤ ከሰዓት በኋላ ሣጥኑን ይዞት መጣ። ማዕዘኖቹ ላይ አንዲት የተንጠባጠበች የመበየጃ ስታኞ አይታይም።

«ሸክላ ነው የሚባለው» አለው ሉፑ።

«ሸክላ ውሃ ያስገባል። ይሄ አያስገባም።»

«ብራናው ራሱ እኮ እርጥብ ነው። ትንሽ ይድረቅ።»

«ፀሐይዋን እያት!»

ክዳኑን እመቃብሩ ዳር ተንበርክኮ፣ የመበየጃ ብረቱን በከሰል እያጋለ፣ ዙሪያውን በየደው። ተዘግቶ እርጥበት የቀረበት ዚንክ ከውስጥ እንደሚያልብ ለተለማማጆቹ ሁሉ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፣ ፀሐይዋም ጣሪያዎቹ ላይ ደርሳ ነበር። ቀበርነው፤ ጸሎት አደረስን፤ ሰንበት ገባ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ሥራ የሠራን መስሎን ነበር።

ሰኞ ዐቃቤ ሕጓ መጣች። ሚሬላ ቶዴራሽ ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ጫማዋ ጭቃ ነክሷል፣ ፋይሏን በደረቷ ታቅፋለች።

«ጥቅልሉን ለምርመራ እወስዳለሁ። የት ነው ያለው?»

«ቀበርነው» አለ ሞሪጽ።

«ምን አሉኝ?»

«ዓርብ ቀበርነው። በሥርዓቱ።»

የተገለበጠ አግዳሚ አቅንታ ተቀመጠች።

«ነነ ሞሪጽ፣ ልንገርዎት። በርና አግዳሚ ብቻ ይዤ ፍርድ ቤት ብቀርብ፣ ይህ ሰው የሰው ንብረት ሰብሯል ይባላል፤ ይቀጣል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ንዋየ ቅድሳትን ሆን ብሎ አጥፍቷል ካልኩ ግን እስሩ ዓመታት ነው። ያ ሕግ የወጣው እኮ ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ነው። ግን ማሳየት አለብኝ። ቀደደው ወይስ ወድቆ ተቀደደ? በምላጭ ነው ወይስ በእጅ? ባለሙያ አይቶ ይፈርማል።»

«እኛ ሁላችንም አይተናል።»

«እናንተማ ተበዳዮች ናችሁ። ጠበቃው አንድ በአንድ ይፈጫችኋል። ፎቶ የለም?»

ፎቶ አልነበረም። ከእኛ ማንም ኪሱ ውስጥ ያለውን ስልክ አላወጣም፤ ሬሳ ፎቶ አይነሣም። አሁን ሌሎች የአይሁድ ማኅበራት ሲጠይቁን የምንላቸው ይህንን ነው፦ መጀመሪያ አንሡ፣ ከዚያ አልቅሱ።

«የቀድሞዎቹ መስኮቶችስ?» አለች ሚሬላ። «ዛቻ ነበረ ይባላል። ስልክ ነበረ ይባላል። አንድም ጊዜ አላመለከታችሁም?»

ሉፑ ወደ ሞሪጽ ዞረ። «ልጆች ናቸው፣ አይደል?»

ሞሪጽ ጎንበስ ብሎ ሌላ አግዳሚ አቀና።

መቃብሩን ለመክፈት ቡካሬስት ላሉት ረቢ ደወልን፤ ድምፁን ሁላችንም እንድንሰማ አድርገን። ረቢው ሁሉን አዳምጠው «የተቀበረ ኦሪት ክስ ለማሸነፍ አይወጣም» አሉ። «ነፍስ ለማዳን ከሆነ ይወጣል። ነፍስ አደጋ ላይ ነው?»

ያንን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«ሞሪጽ፣ ሰውየው በስልክ ምን አለህ?» አሉ ረቢው።

ሞሪጽ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ እያየ ነበር። «ቅዳሜ ጠዋት ሁላችሁም ስትሰበሰቡ፣ በሩን ከውጭ ቆልፌ ነው የማቃጥላችሁ አለኝ።»

«ስንት ጊዜ?»

«በደወለ ቁጥር።»

«አመንከው?»

«መስታወት ስቀይር የነበረው ስላላመንኩት ይመስልዎታል? እነዚህ ከሰሙ አይመጡም። ካልመጡ ደግሞ ዐሥር አይሞላም።»

ረቢው «እንግዲያው የነፍስ ጉዳይ ነው፤ አውጡት» አሉ።

ከረቢው ፈቃድ በኋላ የማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ነበር፣ ከዚያ የጤና ቢሮው። ሳምንታት ሄዱ። ራዝቫን እስር ቤት ቢሆንም ቅዳሜ የሚመጣው ሰው እየሳሳ ነበር፤ አሁን ሁሉም የስልኩን ነገር ያውቃል። «ከተፈረደበት እመጣለሁ» ይል ጀመር አንዱ። ሌላው «ሚስቴ ከልክላኛለች» አለ። ሞሪጽ ለሁሉም «ሣጥኑ ይውጣ ብቻ፤ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ውሃ አይገባውም» ይላቸው ነበር።

በሰኔ መጀመሪያ ቆፍረን አወጣነው። ሣጥኑ እንዳስገባነው ነበር፤ ዝገት የለ፣ ጉድፍ የለ። ሞሪጽ አፈሩን በመዳፉ ጠረገለትና መቀሱን አንሥቶ ክዳኑን ከጥግ መቁረጥ ጀመረ። ግማሽ እንደደረሰ ሽታው ወጣ፤ የፈላ ቆዳ ሽታ፣ ሙጫ ቤት የሚሸት ዓይነት። ሳጅኑ ፊቱን አዞረ። ሞሪጽ መቁረጡን አላቆመም፤ እስከ መጨረሻው ቆርጦ ክዳኑን ገለበጠው። የክዳኑ ውስጥ በውሃ ጠብታ ተሸፍኖ ነበር። ከሥር ሻሉና ብራናው አንድ ሆነው፣ ቡናማ አተላ መስለው ተኝተዋል። ሚሬላ ጓንት አድርጋ በጣቷ ጫፍ ነካችው፤ ጣቷ ሰመጠ። አውጥታ ጓንቷን ቀስ ብላ ገለበጠች።

«ሸክላ ቢሆን ይተነፍስ ነበር» አለ ሞሪጽ። ለማንም አልነበረም የተናገረው።

ባለሙያው የጻፈው አጭር ነው፤ በስለት የተቆረጠ ይሁን የበሰበሰ መለየት አይቻልም። የራዝቫን ጠበቃ ፍርድ ቤት ውስጥ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«ደንበኛዬ ሰክሮ በሩን መስበሩን አምኗል፤ አዝኗልም። ጥቅልሉ ሲጎትተው ወደቀ፤ ዝናብ መታው። ከዚያ በኋላ የደረሰበትን ምስክሩ ይንገሩን። አቶ ግሩበር፣ ሣጥኑን የሠራው ማን ነው?»

«እኔ።»

«የበየደውስ?»

«እኔ።»

«ጥሩ ብየዳ ነው?»

ሞሪጽ ተገርሞ አየው። «ውሃ አያስገባም።»

«አያስወጣም ማለትም ነው?»

«አያስወጣም።»

«እርጥብ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አመሰግናለሁ። የስልኩ ዛቻ የተባለውንስ ለፖሊስ መቼ አመለከቱ?»

«አላመለከትኩም።»

«ለጓደኞችዎ ምን አሏቸው?»

ሞሪጽ ወደ እኛ ዞረ። «የተሳሳተ ቁጥር ነው አልኳቸው።»

ራዝቫን መሬት መሬት እያየ ነበር፤ ትከሻው ግን ሲንቀጠቀጥ አየነው፤ ሳቅ ነበር። ለበሩና ለአግዳሚዎቹ ተቀጣ፤ የታሰረበት ጊዜ ታሰበለትና የዚያኑ ዕለት ወጣ። ደረጃው ላይ ሞሪጽን ሲያገኘው መንገድ ለቀቀለት።

«ይለፉ፣ ነነ ሞሪጽ። ቅዳሜ እንገናኛለን።»

ቅዳሜ ሞሪጽ በሩን ከፍቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። አምስት ሆንን። ሉፑ አልነበረም፤ ሞሪጽ ሊደግፈው ቤቱ ሲሄድ በሩን ሳይከፍት፣ ከውስጥ ሆኖ «ጉልበቴን ነው» አለው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስት ሆንን። ከአጥሩ ማዶ ቱቦው ይፈሳል፣ ሬዲዮው ይጮኻል። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሞሪጽ ብቻውን ነበር፤ እኔም አልሄድኩም። በዚያ ሳምንት ማኅበሩ የቀረውን አንዱን ጥቅልል ወደ ያሺ ከተማ ምኩራብ ላከና በሩ ተቆለፈ።

ሚሬላ ስለ ይግባኝ ልታነጋግረው ቤቱ ስትመጣ ሞሪጽ ልብሱን እየሸከፈ ነበር። ዴቢ ትኬቱን ልካለታለች። አልጋው ላይ ሁለት ሸሚዝ፣ የአባቱ የእንጨት መዶሻ፣ ሌላ ብዙ ነገር አልነበረም።

«አዲስ ባለሙያ አግኝቻለሁ» አለችው። «ከብራናው ጠርዝ ትንሽ ተርፏል ይላል። ምስክርነትዎን አንድ ጊዜ ብቻ ደግመው ከሰጡኝ፣ ነነ ሞሪጽ። ያ ሕግ ቤቱ ባዶም ቢሆን ይጠብቀዋል።»

«ባዶውንማ ራዝቫንም አይነካውም፣ ልጄ» አላት።

ቆማ ጠበቀች። እሱ ሸሚዙን ዘረጋው፣ ማጠፊያውን በጥፍሩ አሰመረ፣ በመስመሩ ላይ አጠፈው።